እጅሽን ከኪቦርዱ አታንሺ

ነይ፣ ወንበሩን ሳቢና ጠረጴዛው ጋ ተቀመጪ። እኔ ከኋላሽ ነኝ፤ እጄ ትከሻሽ ላይ ነው እንጂ ላፕቶፑ ላይ አይደለም። ክዳኑን አንቺው ክፈቺው። ሕግ ደርሶሻል፤ እናትሽ ከደስታዋ የተነሳ ጎረቤቱን ሁሉ ቡና ጠርታለች፤ የዕጣኑ ሽታ ገና ከቤት አልወጣም። ሰኞ ስድስት ኪሎ ትመለሻለሽ። የመጀመሪያውን ዓመት እንዴት እንደጨረስሽው ግን አንቺም እኔም እናውቃለን። ጓደኞችሽ እያነበቡልሽ፣ የእነሱን ሰዓት እየጠበቅሽ፣ እነሱ ሲደክማቸው አንቺም እያቆምሽ ነው። ሕግ እንደዚያ አይገፋም። ገጹ ብዙ ነው፤ አንዳንዱ አንቀጽ ሦስት አራት ጊዜ ካልተመለሱበት አይገባም። ሰውን "እስቲ እንደገና አንብቢልኝ" ማለት እስከ ሁለተኛው ጊዜ ያስደፍራል፤ በአራተኛው አፍ ይይዛል። ማሽኑ ግን መቶ ጊዜ ብትመልሺው አይታክተውም።

እኔ ባንቺ ዕድሜ ሳለሁ በእጄ የነበረው ብሬል የምጽፍበት ስሌትና ስታይለስ፣ አንድ የካሴት መቅጃና ሁለት ጥንድ ባትሪ ነበር። ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ተቀምጬ አንባቢዬን እጠብቃለሁ። ስትመጣ ታነባለች፣ እኔ እቀዳለሁ። ማታ አንዲት ዓረፍተ ነገር ፍለጋ ካሴቱን ወደፊት ወደኋላ ሳመላልስ ባትሪው ይደክምና የአንባቢዬ ድምፅ እየወፈረ፣ እየጎተተ ይሄዳል። አንድ ሴሚስተር ላይ ፈተና ሦስት ቀን ሲቀረው አባቷ ሞቶ አገሯ ሄደች። ለእሷ አዘንኩ፤ ለራሴም አለቀስኩ። ንባብን ያህል ነገር በሌላ ሰው እግር ላይ ማቆም ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እነዚያ አንባቢዎቼ ባይኖሩ አልመረቅም ነበር፤ ዛሬም ድምፃቸውን ከሺህ ሰው መሀል እለየዋለሁ። አንቺም አንባቢ አይጥፋብሽ። ግን አንባቢሽ ስትመጣ ገጹን አስቀድመሽ በራስሽ አንብበሽ፣ ያልገባሽን ለይተሽ ጠብቂያት።

አሁን ጣቶችሽን አስቀምጪ። በሁለቱ አመልካች ጣቶችሽ ቁልፎቹን ዳስሺ፤ ትንሽ ጉብ ያለ ነገር ታገኛለሽ። የግራው ኤፍ ላይ ነው፣ የቀኙ ጄ ላይ። መንገዱ በጠፋብሽ ቁጥር ወደ እነዚህ ሁለት ጉብታዎች ተመለሺ። እያየሽ ትጽፊ በነበረበት ጊዜ ኪቦርዱን በዓይንሽ ስለምትፈልጊው ጣቶችሽ ምንም አልተማሩም፤ ስለዚህ እንደ አዲስ ጀማሪ ነሽ፤ በዚህ አትናደጂ። በቀን ግማሽ ሰዓት ለአንድ ወር ከተለማመድሽ ጣትሽ ከሐሳብሽ እኩል ይሮጣል። በዚህ አንድ ወር ውስጥ ግን "ስጪኝ፣ ቶሎ ልሥራልሽ" የሚል ሰው አይጠፋም። በፍቅር ነው የሚለው። እምቢ በዪው፤ ደግነቱን ሳትገፊ "ንገረኝ እንጂ አትንካብኝ" በዪው። ሌላ ሰው የተጫነው ቁልፍ ላንቺ እንዳልተጫነ ይቆጠራል፤ በሚቀጥለው ቀን ያው ቦታ ላይ ትቆሚያለሽ።

ኮንትሮልን፣ የዊንዶውስ ቁልፍንና ኢንተርን አንድ ላይ ተጫኚ። ሰማሽው? ናሬተር ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ፣ ስክሪን ሪደር የሚባል ፕሮግራም ነው፤ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣል፤ የማታውቂው ኮምፒውተር ፊት ስትቀመጪ መጀመሪያ የምትጠሪው እሱን ነው። ውለሽ የምታድሪበት ግን ኤንቪዲኤ ነው። ማይክል ከረን የሚባል ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ ወጣት እ.ኤ.አ. በ2006 ጀመረው፤ እንደ እሱ የማያየው ጓደኛው ጄምስ ቴ አብሮት ሠራ። ዓይነ ስውር ሰው ኮምፒውተር ለመጠቀም ዓይናማው ከሚከፍለው በላይ ለምን ይክፈል ብለው በነጻ ለቀቁት፤ እስከ ዛሬም ነጻ ነው። ከእሱ በፊት የምናውቀው ጆውስ ነበር። ያን ደግሞ በመኪና አደጋ ዓይኑን ያጣው የቀድሞ የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ ቴድ ሄንተር እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ነው። ጥሩ ነው፤ መሥሪያ ቤትሽ ከገዛልሽ ተማሪው። ዋጋው ግን የተማሪ አይደለም። ክራክ የተደረገ ቅጂ በፍላሽ የሚያመጣልሽ ሰው ይኖራል፤ አትቀበዪ። ቫይረስ ይዞ ይመጣል፤ ደግሞ የሚቆመው ሁልጊዜ ፈተና መሀል ላይ ነው።

አሁን ናሬተርን ዝጊና ኤንቪዲኤን ክፈቺ፤ ኢንሰርትን ይዘሽ 1ን ተጫኚ። አሁን የፈለግሽውን ቁልፍ ብትነኪ ምንም አይበላሽም፤ የቁልፉን ስምና ሥራ ብቻ ይነግርሻል። ይሄን ማንም አይነግርሽም፤ እኔ ግን በመጀመሪያ ሳምንት ሌላ ምንም ባትማሪ ይሄን እንድትማሪ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ፍርሃትሽን የሚያወጣልሽ ይሄ ነው። ስትጨርሺ ያንኑ ደግመሽ ተጫኚና ውጪ። ማውራቱ ሲሰለችሽ ኮንትሮልን አንዴ ነካ አድርጊ፤ ዝም ይላል። ረጅም ገጽ ስትከፍቺ ከላይ እስከ ታች አትስሚ፤ ኤችን እየተጫንሽ ከርዕስ ወደ ርዕስ ዝለዪ። ዓይናማ ሰው ገጽን ቃል በቃል አያነብም፤ በዓይኑ ይገርፈውና የሚፈልገው ላይ ይቆማል። አንቺም በጣትሽ እንደዚያ ታደርጊያለሽ።

የድምፁን ፍጥነት አስቀድሜ ዝቅ አድርጌልሻለሁ። በየሳምንቱ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጊው። እኔ ስሰማ አጠገቤ ያለ ሰው ምን ቋንቋ እንደሆነ እንኳ አይለይም፤ አንድ ቀን አንቺም እዚያ ትደርሻለሽ።

አማርኛውን ስትሰሚ ግን ልብሽ እንዳይሰበር። እኛ ያደግነው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ሲተርክ እየሰማን ነው፤ ጆሯችን የለመደው የሰው እስትንፋስ ነው። ኤንቪዲኤ አማርኛ የሚያነብበት ኢስፒክ የሚባለው ድምፅ ደረቅ ነው፤ ቃሉን ይቆራርጠዋል፤ ጠበቅ ማለት ያለበትንና ላላ ማለት ያለበትን አይለይም። "ገና" ሲል በዓሉ ይሁን "ገና ነው" የሚለው ይሁን ከዓረፍተ ነገሩ ነው የምታውቂው። ሁለት ሳምንት ታገሺው። ጆሮ ይለምዳል፤ ከዚያ በኋላ ድምፁን ሳይሆን ጽሑፉን ነው የምትሰሚው። ኢንተርኔት ባለሽ ጊዜ ደግሞ ኤጅ የሚባለውን ብራውዘር ክፈቺና ጮክ ብሎ እንዲያነብልሽ እዘዢው፤ መቅደስና አመሃ የሚባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት። እነሱ ለሰው ድምፅ የቀረቡ ናቸው። ልብ ወለድ በእነሱ አንብቢ፤ አዋጅና የፍርድ ቤት ውሳኔ ግን በደረቁ ድምፅ ይሻላል። ለምን ብትዪ፣ ደረቁ ድምፅ ኢንተርኔት ቢኖርም ባይኖርም እጅሽ ላይ ነው፤ ፊደል በፊደልም እየቆምሽ ትመረምሪዋለሽ።

ቀጥሎ የምነግርሽን ልብ ብለሽ ስሚኝ፤ ከሁሉ በላይ የሚያደክምሽ ይሄ ነውና። አንድ መምህር ሃንድአውት በፍላሽ ይሰጡሻል። ትከፍቺዋለሽ። የምትሰሚው አማርኛ አይደለም፤ "ኤች፣ ፐርሰንት፣ ትንሹ ቢ፣ የጥያቄ ምልክት" እያለ ይቀጥላል። አጠገብሽ ያለችው ጓደኛሽ ስክሪኑን አይታ "ኧረ ጥርት ያለ አማርኛ ነው!" ትልሻለች። ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ። የአማርኛ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደል ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በተሠሩት ፎንቶች ስንጽፍ ከሥር የሚቀመጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ነበር፤ ፎንቱ ከላይ የአማርኛ መልክ ያለብሰዋል። ዓይን መልኩን ያያል። ስክሪን ሪደር መልክ አያይም፤ ከሥር ያለውን ነው የሚያነበው። በእነዚያ ፎንቶች መጻፍ የለመዱ የጽሕፈት ሠራተኞችም መምህራንም ዛሬም አሉ። ማናቸውም ሊጎዱሽ ብለው አያደርጉትም፤ እንደማታነቢው አያውቁም። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ኮምፒውተሬ ተበላሽቷል እያልኩ ወደ ጠጋኝ አመላልሼዋለሁ።

ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ ክፍል ሳይጀመር፣ እያንዳንዱን መምህር ቢሯቸው ሄደሽ አነጋግሪ። አትለማመጪ፤ አትቆጪም። እንዲህ በዪ፦ "መምህር፣ እኔ የማነበው በስክሪን ሪደር ነው። የሚሰጡንን ጽሑፍ ሁሉ ሶፍት ኮፒውን፣ ከተቻለ በወርድ፣ በዩኒኮድ ፎንት ተጽፎ ቀደም ብሎ ቢደርሰኝ ከክፍሉ እኩል እሄዳለሁ።" ይቺን ዓረፍተ ነገር በቃልሽ ያዢያት። "እርዱኝ" አላልሽም፤ ምን እንደሚያስፈልግሽ በትክክል ነገርሻቸው። ፈተናውንም በምን መልክ እንደምትወስጂ፣ በኮምፒውተር ይሁን በአንባቢና በጸሐፊ፣ በዚያው ዕለት ጠይቂ። የፈተናው ዋዜማ ላይ የተጠየቀ ነገር አይሳካም።

የደረሰሽ ጽሑፍ በአሮጌው ፎንት ከሆነና ጊዜ ከሌለሽ አንድ ዘዴ ልንገርሽ። መልኩ ደህና ነው ብለናል አይደል? እንግዲያው እንደ ሥዕል ቁጠሪው። አትመሽው በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ ጉግል ድራይቭ ላይ ጫኚው፣ ከዚያ በጉግል ዶክስ ክፈቺው። ከሥዕሉ ፊደሉን ለቅሞ በዩኒኮድ ይጽፍልሻል። ስካን ተደርጎ የመጣ፣ ስትከፍቺው "ባዶ" የሚልሽ ፒዲኤፍም በዚሁ መንገድ ይፈታል። ፎቶው ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርጊ፤ ስልኩን መሀል ለመሀል አስተኚው፤ ከዚያ ሳታዘነብዪ ቀጥ አድርገሽ አንድ ክንድ የማይሞላ ያህል ወደ ላይ አንሺው። ክርንሽን ጠረጴዛው ላይ ካስደገፍሽ እጅሽ አይንቀጠቀጥም። መብራት አብሪ። አንቺ ባያስፈልግሽ ካሜራው ያስፈልገዋል፤ እኔ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሃያ ገጽ አንስቼ አንዱም ሳይነበብልኝ ቀርቷል።

የሕግ ተማሪ ስለሆንሽ ደግሞ ነጋሪት ጋዜጣ ያጋጥምሻል። በሁለት ዓምድ ነው የሚታተመው፤ በአንዱ አማርኛው፣ በሌላው እንግሊዝኛው። እንዲሁ ካነሳሽው ማሽኑ አንዱን መስመር ከሌላው ያያይዝና አማርኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይጨርስልሻል። እንግሊዝኛውን ዓምድ በነጭ ወረቀት ሸፍኚና አማርኛውን ብቻ አንሺ፤ ከዚያ አማርኛውን ሸፍነሽ እንግሊዝኛውን አንሺ። የአንቀጽ ቁጥርና የገንዘብ መጠን ላይ ግን ማሽኑን በፍጹም አትመኚ። በመልክ የሚቀራረቡ ፊደላትንና አኃዞችን ያምታታል። ቁጥር ሲሆን ሁልጊዜ ለሰው ዓይን አሳዪ።

አሁን አንድ ቃል ጻፊልኝ። ኤስን፣ ኢን፣ ኤልን፣ ኤን፣ ኤምን በተራ ተጫኚ። "ሰላም" አለ? ኪማን የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ላይ ያለው የአማርኛ ኪቦርድ ነው፤ በድምፁ ነው የምትጽፊው፤ አዲስ የቁልፍ አቀማመጥ መሸምደድ የለብሽም። መጻፉ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ሞክሼ ፊደላቱ ናቸው። "ሠራተኛ" እና "ሰራተኛ" ጆሮሽ ላይ አንድ ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ፤ ማሽኑ ሁሉንም በየድምፃቸው አንድ አድርጎ ያነብልሻል። ለዓይናማ መምህር ግን ስህተቱ ከሩቅ ይታየዋል፤ አንዳንዱም "አታውቅም" ብሎ ይደመድምብሻል። ስለዚህ ፊደሉ ላይ ቁሚና ከቀኝ በኩል ካለው የቁጥር ሰሌዳ 2ን ሦስት ጊዜ በፍጥነት ምቺው። የፊደሉን የዩኒኮድ ቁጥር ነገረሽ አይደል? 4656 ካለሽ እሳቱ ሰ ነው፤ 4640 ካለሽ ንጉሡ ሠ ነው። እኔ የሞክሼዎቹን ቁጥር ሁሉ በብሬል ጽፌ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ ማመልከቻ ሳስገባ፣ የሰው ስም ስጽፍ፣ ዛሬም አወጣዋለሁ።

ብሬል ካልኩ አይቀር፣ እባክሽ ብሬልን አትተዪ። ማየት ካቆምሽ ሦስት ዓመትሽ ነው፤ ብሬል ዘግይተሽ ስለጀመርሽ ጣትሽ ይጎተታል፤ ድምፅ ሲመጣልሽ "ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል" ማለትሽን ሰምቻለሁ። በዚህ አልስማማም። በጆሮ ብቻ የሚያነብ ሰው ነጠላ ሰረዙ የት እንዳለ፣ አንቀጹ የት እንደተከፈለ፣ ቃሉ እንዴት እንደተጻፈ ቀስ በቀስ ይረሳል። ሉዊ ብሬይ ነጥቦቹን ያወጣው ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1829 አሳተመው፤ ይኸው እስከ ዛሬ የተሻለ አልተገኘለትም። መብራት ቢጠፋ አይጠፋም። ሰው ፊት ቆመሽ ስትከራከሪ፣ ጆሮሽ ዳኛውን እየሰማ፣ ጣትሽ ማስታወሻሽን ያነባል፤ ይህን ኢርፎን አያደርግልሽም። የትነበርሽ ንጉሤ በ5 ዓመቷ ዓይኗ ጠፍቶ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት እስከማግኘት ደርሳለች። አንቺ የምትቀመጪበት ወንበር ላይ ካንቺ በፊት የማያይ ሰው ተቀምጦበታል፤ የመጀመሪያዋ አይደለሽም።

የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሲያስፈልግሽ ቡክሼርን ፈልጊ። የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች የተዘጋጀ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መጽሐፍ ያለበት የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት ነው። አንድ ሰው ደግሞ "መጽሐፉን በሶፍት ኮፒ መስጠት የቅጂ መብት መጣስ ነው" ቢልሽ የማራካሽን ስምምነት አንሺበት። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመ ነው፤ ለእኛ በሚነበብ መልክ መጽሐፍ እንዲባዛ አገሮች በሕጋቸው በር እንዲከፍቱ ያስገድዳል፤ ኢትዮጵያም ገብታበታለች። የሕግ ተማሪ ነሽ፤ አንብበሽ ተከራከሪበት።

ስልክሽን አምጪው። ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች ሦስት ሰከንድ ያህል ይዘሽ ቆዪ፤ የስልክሽ ስክሪን ሪደር፣ ቶክባክ፣ ይነሳል። በአንድ ጣት ወደ ቀኝ ስትጠርጊ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ ሁለቴ ስትመቺ ይከፍታል። ይሄን አስቀድመሽ ታውቂዋለሽ፤ አላደክምሽም። የማታውቂው አንድ ነገር አለ፤ ስክሪኑን መደበቅ ትችያለሽ። ከቶክባክ ማውጫ ውስጥ ስትመርጪው ስልኩ እየሠራ መስታወቱ ይጨልማል። ታክሲ ውስጥ መልእክት ስታነቢ፣ በቴሌብር ገንዘብ ስትልኪ፣ አጠገብሽ የተቀመጠው ሰው ምንም አያይም። አንቺ የሚያይሽን ስለማታዪ ይሄ ላንቺ ከማንም በላይ ያስፈልግሻል። በአንድ ጆሮሽ ኢርፎን አድርጊ፤ የሚስጥር ቁጥርሽን ራስሽ አስገቢ፤ ለጓደኛም፣ ለዘመድም፣ ለእኔም አትስጪ። መንገድ ላይ ስትወጪ ግን ሁለቱንም ኢርፎን አውልቂ። መንገድ ስትሻገሪ ጆሮሽ የመኪናው ነው፤ ዘፈኑም ስልኩም ይቆይ።

ፎቶ አይተው የሚነግሩሽ መተግበሪያዎችም አሉ፤ ቢ ማይ አይስ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሲጀመር በቪዲዮ የሚያይልሽ በጎ ፈቃደኛ ሰው ብቻ ነበረው፤ አሁን ማሽንም ይመልስልሻል። የቀሚስሽን ቀለም፣ የዱቄቱን ጥቅል፣ የበሩን ቁጥር ጠይቂው። መድኃኒት ከሆነ ግን ፋርማሲስቷን ጠይቂ። ማሽኑ ሲሳሳት ድምፁ አይለወጥም፤ ያወቀውንም ያላወቀውንም በአንድ ልብ ነው የሚነግርሽ።

ወደ ሕጉ ልመልስሽ። የውል ሕግ ስትማሪ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1728 ላይ ትደርሻለሽ። ሕጉ የ1952 ዓ.ም. ነው። ሦስተኛው ንዑስ አንቀጽ የዓይነ ስውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝገብ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ክፍል ውስጥ ሲነበብ ሁሉም ወዳንቺ ይዞራል፤ ዝምታው ይታወቅሻል። እኔ ታውቆኛል። የተጻፈው እኛን ለመጠበቅ ነው፤ ያን ጊዜ በብሬል ያልተጻፈ ወረቀትን በራሱ የሚያነብበት መንገድ ያለው ዓይነ ስውር አልነበረም ማለት ይቻላል። ግን የማያይን ሰውና ማንበብ የማይችልን ሰው አንድ ላይ የጻፈ እጅ፣ ዛሬ አንቺ የምታደርጊውን አላወቀም። እንዳትጠባበቂ፤ ያን አንቀጽ መምህሩ ሳይደርስበት፣ ዛሬ ማታ፣ ራስሽ አንብቢው።

ቤት ስከራይ የሆነውን ልንገርሽ። ደላላው ውሉን እጄ ላይ አስቀምጦ "ሁሉም እንደተነጋገርነው ነው፤ እዚህ ጋ ፈርሚ" አለኝ። "አምስት ደቂቃ ስጠኝ" አልኩት። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ፎቶ አነሳሁት፤ በኢርፎን አደመጥኩት። የተነጋገርነው የሦስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ ስልኬ ያነበበልኝ ስድስት ወር ነው። ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ አከራይቷን "እስቲ አራተኛው ላይ ያለውን ያንብቡልኝ" አልኳቸው። እሳቸውም ስድስት አሉ፤ እሳቸውም ደነገጡ። ደላላው የጸሐፊ ስህተት ነው አለ፤ ሊሆን ይችላል። እንደገና ተጻፈ። እንደገናም አነበብኩት። ከዚያ ፈረምኩ፤ ሕጉ በሚለው ቦታም ሄደን አስመሰከርነው። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ በትሬ አስፋልቱን የሚመታበት ድምፅ ሳይቀር የተለየ ሆኖ ተሰማኝ።

በቃ፣ መሽቷል፤ ያላስቀመጥሽው ጽሑፍ ካለ ኮንትሮልና ኤስ ተጫኚ፤ መብራቱ ሳይጠይቅሽ ነው የሚሄደው። ሦስት አንቀጽ በጻፍሽ ቁጥር እንደዚሁ አድርጊ። ቻርጅ ሁልጊዜ ሙሉ ይሁን። እንደ አንቺ የማያዩ የቆዩ ተማሪዎችን ፈልጊና ተዋወቂ፤ የትኛው መምህር ሶፍት ኮፒ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ላብራቶሪ ኮምፒውተር ድምፅ እንዳለው እነሱ ናቸው የሚያውቁት። አንቺም ደግሞ የተማርሽውን ካንቺ በኋላ ለምትመጣው አሳዪያት፤ ስታሳዪያት ግን ቁልፉን እሷ ትጫን።

ቦርሳሽ የጎን ኪስ ውስጥ ፍላሽ ከትቼልሻለሁ። ከሌላው እንድትለዪው ጫፉ ላይ የጥጥ ክር አስሬ ሁለት ጊዜ ቋጥሬዋለሁ። ውስጡ ኤንቪዲኤ አለ፤ ከፍላሹ ላይ በቀጥታ ስለሚነሳ ኮምፒውተሩ ላይ መጫን አያስፈልግም። ሰኞ ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱ ስትገቢ ሰኪው።